ዳገት የወጣው ወንዝ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ስለ ሥራዬ ብቻዬን ላወጋችሁ ወድጃለሁ። በአንድ የዩኒቨርሲቲ የሰርተፍኬት ፕሮግራም ውስጥ የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓትን፣ ባጭሩ ጂአይኤስ የምንለውን፣ የካርታ መረጃ በኮምፒውተር የሚሠራበትን ሥርዓት፣ አስተምራለሁ። ይህን ሥራ በያዝኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ጥያቄ አለቀቀኝም፦ ኮምፒውተሩ ዝም ባለበት ቦታ ስሕተታቸውን ራሳቸው የሚያዩ ባለሙያዎችን እንዴት ነው የምናፈራው?

ጥያቄው የተነሣብኝ በአንድ የቅዳሜ ክፍለ ጊዜ ነው። ሠልጣኞቹ የወንዞችን ሌየር ከከፍታ መረጃ ጋር ደርበው የተፋሰስ ካርታ ይሠሩ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን የሚናገረውን መመሪያ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በሁሉም ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ያማረ ካርታ ወጥቶ ስለነበር ደስ ብሎኝ በወንበሮቹ መካከል እመላለስ ነበር። በኋለኛው ረድፍ የተቀመጡ፣ በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚበልጡ አንድ የቅየሳ ባለሙያ ግን ካርታውን አጉልተው አንድ ቦታ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቀሩ። ከዚያም መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ወንዝ ዳገት እየወጣ ነው» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነታቸውን ነበር። ሰማያዊው መስመር ሸለቆውን ተከትሎ መውረድ ሲገባው፣ ሸለቆውን በስተቀኝ ትቶ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን የኮንተር መስመሮች አንድ በአንድ እያቋረጠ በተረተሩ ጎን ላይ ይወጣ ነበር። ጥፋቱ የዳተም ሆኖ ተገኘ፤ ዳተም ማለት የቦታዎች አቀማመጥ የሚለካበት የምድር ቅርፅ አምሳያና መነሻ ነው። የወንዞቹ መረጃ የተሠራው በቆየ አካባቢያዊ ዳተም ነው፤ የከፍታው ግን ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ዓለም አቀፍ ዳተም፣ በደብልዩጂኤስ 84 ነው። ከወንዞቹ ፋይል ላይ ዳተሙን የሚናገረው መለያ ጠፍቶ ስለነበር፣ መልመጃውን ሳዘጋጅ ሳላጣራ ደብልዩጂኤስ 84 ብዬ የሰየምኩት እኔው ነኝ። በሁለት ዳተሞች መካከል ያለው ልዩነት እንደ ቦታው በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሊደርስ ይችላል። ካርታውን ከሩቅ ሲመለከቱት ምንም አይታወቅም፤ ሲቀርቡት ግን ወንዝን ከሸለቆው ያስወጣል። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ ተቀብሎ ካርታውን ሥሎ ሰጠን። እኔም አላየሁትም። ያዩት ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው ሸለቆ ሲወርዱና ተረተር ሲወጡ የኖሩት ሰው ናቸው።

ከዚያ ቀን በፊት የማስተማር ሥራዬ የሚመዘነው ሠልጣኙ መመሪያውን ተከትሎ ካርታውን በማውጣቱ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደማምነው፣ በዚህ ሙያ አደገኛው ስሕተት ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ የሚያስቆመን ሳይሆን ያማረ ውጤት ሰጥቶን የሚያልፈው ነው፤ የአስተማሪውም ዋና ሥራ ሠልጣኙን ከዚያ ስሕተት ጋር ክፍል ውስጥ ማገናኘት ነው።

አንድ ምሳሌ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። አንዲት የጤና ባለሙያ ከእያንዳንዱ የውኃ ነጥብ 500 ሜትር ርቀት ውስጥ ያሉ ቤቶችን ለመለየት በፈር፣ ማለትም በነጥቡ ዙሪያ የተወሰነ ርቀት የሚሸፍን ክልል፣ መሥራት ፈለገች። መረጃዋ በኬክሮስና በኬንትሮስ የተቀመጠ ስለነበር፣ 500 ብላ ስትጽፍ ሶፍትዌሩ 500 ዲግሪ ብሎ ተረዳት፤ በፈሩም ዓለምን በሙሉ ሸፍኖ አለፈ። ይህ ስሕተት ራሱን ስለሚያጋልጥ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ጎበዝ ሠልጣኝ ናትና፣ አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ አስታውሳ፣ አካፍላ 0.0045 ብላ ጻፈች። አሁን በስክሪኑ ላይ ትናንሽ የተስተካከሉ ክቦች ወጡ። በምድር ወገብ አካባቢ ይህ ስሌት ብዙም አያሳስታትም። በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን የኬንትሮስ አንድ ዲግሪ በግማሽ ስለሚያጥር፣ ያ ክብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ 500 ሜትር ሲሄድ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚሄደው 250 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በስክሪኑ ላይ ክብ ሆኖ ይታያል፤ መሬት ላይ ሞላላ ነው፤ ከውስጡ የቀሩት ቤቶችም አይቆጠሩም።

መረጃውን መጀመሪያ በሜትር ወደሚለካ ፕሮጀክሽን፣ ድቡልቡሏን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ወደሚያሳርፍ ዘዴ፣ ቀይሩት ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልገላገለው እችል ነበር። ነገር ግን ብዙ ሠልጣኞች እዚህ ላይ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ፤ መረጃውን መቀየር ሲገባቸው ስሙን ብቻ ይቀይሩታል። ይህን ሳስረዳ ስለ ደብዳቤ እናገራለሁ። በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ፖስታው ላይ የሌላ ቋንቋ ስም ስለተጻፈበት አልተተረጎመም፤ የሚቀበለው ሰው ከፍቶ ሲያነበው ግራ ይጋባል። ለመረጃ ፕሮጀክሽን መሰየም ፖስታው ላይ መጻፍ ነው፤ ወደ ሌላ ፕሮጀክሽን መለወጥ ግን ደብዳቤውን ቃል በቃል መተርጎም ነው።

ስለ ካርታ ታሪክ የምናስተምርበትንም መንገድ ቀይሬአለሁ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በጆን ስኖው እንጀምራለን። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ በገባ ጊዜ ሐኪሙ የሞቱትን ሰዎች ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጠ፣ ነጥቦቹ በብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተሰበሰቡ፣ የፓምፑም እጀታ ተነቀለ ብለን እንተርካለን። እኔም ለዓመታት እንዲህ ተርኬዋለሁ። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ አይደለም። እጀታው የተነቀለው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1854 ሲሆን፣ ካርታው በስኖው መጽሐፍ ውስጥ ታትሞ የወጣው በ1855 ነው። ስኖው ቀድሞውንም ኮሌራ በውኃ ይተላለፋል ብሎ ያምን ነበር፤ ካርታው ያየውንና የጠየቀውን ለሌሎች ያስረዳበት ነው።

ለእኔ ከነጥቦቹ ይልቅ የሚያስተምሩት ከነጥቦቹ ያፈነገጡት ናቸው። በፓምፑ አጠገብ ከሚሠሩ የቢራ ጠማቂዎች በኮሌራ የሞተ አልነበረም፤ ስኖው ሄዶ ሲጠይቅ የራሳቸው የውኃ ጉድጓድ እንዳላቸውና ቢራም እንደሚታደላቸው ሰማ። ከአካባቢው ርቀው ሃምፕስቴድ የሚኖሩ አንዲት ሴት ደግሞ ሞቱ፤ ቀድሞ በብሮድ ስትሪት ኖረው ስለነበር የዚያ ፓምፕ ውኃ ጣዕሙ ስለሚጥማቸው በየቀኑ ያስመጡ ነበር። ሶፍትዌር እኚህን ሴት ከመንጋው የራቀች አንዲት ነጥብ ብሎ ያልፋቸዋል። የሰውየው ትልቅነት ያችን ነጥብ ተከትሎ በመጠየቁ ላይ ነው። ሠልጣኞቼ ከዚህ ታሪክ ይዘው እንዲሄዱ የምፈልገው ይህንን ነው።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። የሰርተፍኬት ፕሮግራም አጭር ነው፣ የሚመጡት ሰዎችም ሥራ ውለው ደክመው የሚመጡ ናቸው፣ አሠሪው የሚፈልገው ሶፍትዌሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው፣ ስለዚህ ጊዜውን በተበላሸ መረጃ አናባክን ይላሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ በአንድ ነገርም ትክክል ናቸው። ጀማሪ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን የተበላሸ ፋይል ከተሰጠው ያፍራል፣ ችግሩንም በራሱ ላይ ያላክካል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ንጹሕ መረጃ እሰጣለሁ፣ ካርታው ሲወጣላቸውም አብሬአቸው ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ግን በየመልመጃው ውስጥ አንድ ያልተናገርኩት ጉድለት አለ። ጉድለት እንዳለ ይነገራቸዋል፤ የት እንዳለ አይነገራቸውም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኔ ከባዱ እጄን መሰብሰብ ነው። ሠልጣኝ ሲቸገር ማውሱን ከእጁ ተቀብዬ በሦስት ጠቅታ ላስተካክልለት እችላለሁ፤ እሱም አመስግኖኝ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ በሳምንቱም እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ስለዚህ አሁን እጄን ወደ ኋላዬ አጣምሬ «መረጃው በምን ይለካል? ማን ሰበሰበው? መቼ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። ዝምታው አንዳንድ ጊዜ ይረዝማል። ሠልጣኙ ተጨንቆ ፊቴን ሲያይ መልሱን አፌ ውስጥ ይዞ መቆም ቀላል አይደለም።

የወንዞቹን ፋይል እስከ አሁን አላረምኩትም። እንደነበረው አስቀምጬው የሦስተኛው ሳምንት መልመጃ ሆኗል፤ ከሼፕፋይሉ፣ የካርታ መረጃው ከተቀመጠበት የፋይሎች ስብስብ፣ ውስጥ ፕሮጀክሽኑን የሚናገረውን፣ ፒአርጄ የሚል ቅጥያ ያለውን ትንሽ ፋይል አውጥቼ አሰናድቼዋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲሶቹ ሠልጣኞች ይከፍቱታል። እኔ እኚያ የቅየሳ ባለሙያ ይቀመጡበት ከነበረው ከኋለኛው ረድፍ ቆሜ ማን ካርታውን አጉልቶ እንደሚቆም እጠብቃለሁ።