የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በጥንቱ የግሪክ ትረካ የምንሰማው የማንን ድምፅ ነው?

ጥያቄ፦ አንዲት አድማጭ ደውለው «የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ፣ ባለቅኔው ሆሜር ራሱን ይሰውራል ሲል ምን ማለቱ ነው? የፕላቶ ተማሪ አሪስቶትል በዚህ ይስማማል ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልስ፦ ውድ አድማጫችን፣ ፕላቶ ራሱ ካቀረበው ምሳሌ ብንነሣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልዎታል። «ሪፐብሊክ» በተሰኘው ሥራው ሦስተኛ መጽሐፍ የፕላቶ መምህርና የመጽሐፉ ዋና ተናጋሪ የሆነው ሶቅራጥስ፣ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት የደረሰውን የኢሊያድን መክፈቻ ያነሣል። የአፖሎ ካህን ክሪሴስ የተማረከች ልጁን ለማስለቀቅ ቤዛ ይዞ ወደ ግሪኮች ሰፈር መምጣቱን ሆሜር በራሱ አንደበት ይነግረናል፤ ወዲያው ግን ሽማግሌው ራሱ ቆሞ የሚማጸን እስኪመስለን ድረስ በካህኑ ድምፅ መናገር ይጀምራል፤ ራሱን ይሰውራል ማለቱ ይህ ነው። ሶቅራጥስ ልዩነቱን ለማሳየት ያንኑ ታሪክ ያለ ግጥም መልሶ ይተርከዋል፦ ካህኑ መጥቶ ለመነ፤ ሌሎቹ ሲያከብሩት የግሪኮች አለቃ አጋሜምኖን ተቆጥቶ አባረረው፤ ሽማግሌው ፈርቶ በዝምታ ሄደ፤ ከሰፈሩ ከራቀ በኋላም ወደ አፖሎ ጸለየ። በዚህ አተራረክ ከተራኪው በቀር የሚናገር የለም። ፕላቶ ይህን ቀጥተኛ ትረካ፣ በሌላ ሰው ድምፅ መናገርን ደግሞ ሚሜሲስ፣ ማለትም ማስመሰል፣ ይለዋል። ትራጄዲና ኮሜዲ የተባሉት ተውኔቶች ሙሉ በሙሉ ማስመሰል ሲሆኑ የሆሜር ግጥም ሁለቱን ይቀላቅላል። የፕላቶ ስጋት ሰው ከልጅነቱ ደጋግሞ ያስመሰለው ነገር በአካሉ፣ በድምፁና በአሳቡ ልማድ ሆኖ ይቀራል የሚል ነው፤ ስለዚህም በመጽሐፉ በአሳብ የሚያቋቁማትን ከተማ የሚጠብቁ ወጣቶች የፈሪ ወይም የሰካራም ድምፅ እንዲያወጡ አይፈቅድም።

አሪስቶትል ግን ሆሜርን የሚያመሰግነው በዚሁ ነገር ነው። በሥነ ግጥም ድርሳኑ 24ኛ ምዕራፍ፣ ባለቅኔ በራሱ ስም በተቻለ መጠን ጥቂት ብቻ መናገር እንዳለበት የገባው ሆሜር ብቻ ነው ይላል። እኔም ወደዚህ አደላለሁ፤ የክሪሴስ የአባትነት ምልጃ በሶቅራጥስ አጭር ትረካ ውስጥ ጨርሶ አይሰማምና።

ጥያቄ፦ ሌላ አድማጭ ደግሞ «ተራኪው በዓይኑ ያላየውን ነገር ያን ያህል በእርግጠኝነት የሚናገረው በምን ሥልጣን ነው?» ብለዋል።

መልስ፦ ሥልጣኑ የተውሶ ነው። በኢሊያድ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ ወደ ትሮይ የዘመቱትን መርከቦች ከመዘርዘሩ በፊት፣ ባለቅኔው ሙዛ የሚባሉትን የጥበብ አማልክት ይማጸናል፤ እነርሱ በሁሉ ስፍራ ተገኝተው ሁሉን እንደሚያውቁ፣ እኛ ግን ወሬ ብቻ እንደምንሰማ ይናዘዛል። ይህ ዋስትና ግን ፍጹም አይደለም። ሌላው የጥንት ግሪክ ባለቅኔ ሄሲዮድ «ቴዎጎኒያ» በተባለው ግጥሙ መግቢያ ላይ፣ ሙዛዎቹ እውነት የሚመስል ብዙ ሐሰት መናገር እንደሚችሉ፣ ሲፈልጉ ደግሞ እውነቱን እንደሚናገሩ ራሳቸው ሲነግሩት እናነባለን። በሌላው የሆሜር ግጥም በኦዲሴም ከ9ኛው እስከ 12ኛው መጽሐፍ ጀብዱውን የሚተርከው ባለ ታሪኩ ኦዲሴየስ ራሱ ነው፤ በዚያ ስፍራ ሙዛ አይጠራም፤ በእንግድነት የተቀበሉት አድማጮቹ የፋያክያ ሰዎችም የሚይዙት የእንግዳውን ቃል ብቻ ነው።