አውሮፕላኑ እስኪያልፍ

እሺ፣ እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ድምፄን ታገሱት፣ የጉሮሮዬን ነገር መቼም ታውቃላችሁ። «ማለቴ» ያልኩትን የምትቆጥሩልኝ ደግሞ ዛሬ እረፍት ውሰዱ። ዛሬ ይበዛል።

ሌ ሚዜራብልን፣ ያንን ሁሉም ነገር በዘፈን የሚነገርበትን ቴአትር፣ አየሁ። አዎ፣ እንደገና። ሳቁ ግዴለም። ግን ያሁኑ ጣሪያ የሌለው ቴአትር ቤት ነው። ብቻዬንም አይደለሁም። «ሰው ደህና እያወራ በድንገት ለምን ይዘፍናል?» የምትለዋን ጓደኛዬን ይዣት ሄድኩ። አዎ፣ እሷኑ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ... አይ፣ መጀመሪያውን ተዉት። በቀጥታ ወደዛች ደቂቃ ልሂድ።

ከእረፍት በኋላ ነው። ጨልሟል። ሽማግሌው ዣን ቫልዣን የአመፀኞቹ ምሽግ ጋ ነው፣ ወጣቱ ማሪየስ ተኝቷል። ሽማግሌው ለወጣቱ የሚጸልይባት ዘፈን አለች አይደል? እዚህ ስንት ጊዜ አወራሁላችሁ። በፈረንጆች 1980 ፓሪስ ላይ መጀመሪያ ሲታይ እኮ ይቺ ዘፈን አልነበረችም። ለ1985ቱ የለንደን ዝግጅት ነው የተጨመረችው። ያለሷ እንዴት ቁጭ ብለው እንዳዩት እንጃ። ማለቴ... ይኸው፣ አንድ በሉ።

ከባድ የሚያደርጋት ጩኸት የሌላት መሆኗ ነው። መጨረሻዋ ላይ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፣ ግን በለሆሳስ። ቤት ውስጥ ግድግዳው ያግዘዋል፣ ድምፁን እየመለሰ ትንሽ ያቆየዋል። ሜዳ ላይ የሚመልሰው የለም። በማይክ ያልፍና እኛ ጋ ይደርሳል፣ ከዛ ይሄዳል። በቃ። ንፋስ ከመጣ ደግሞ ማይኩ ይንኮሻኮሻል። እኔም ንፋሱን ስፈራ አውሮፕላን መጣ።

አውሮፕላን! ልክ የመጨረሻዋ ድምፅ ልትወጣ ስትል። ከሩቅ ጀመረ፣ ከዛ እላያችን ላይ አጓራ። ጓደኛዬ ሳቀች። ትልቅ ሳቅ አይደለም፣ በአፍንጫ የምትወጣ «ህም» ናት። ዞር አልኩና «ሽሽ!» አልኳት። እጄንም ያነሳሁ መሰለኝ። አዎ፣ አንስቻለሁ። ልክ እንደ ሕፃን ልጅ። ከ«ሽሽ»ው ይልቅ እጄ ነው የሚያሳፍረኝ።

ዝም አለች። እስከ መጨረሻው ዝም። ስናጨበጭብም አጨበጨበች፣ ግን ታውቃላችሁ፣ በሥርዓት።

ግን ደግሞ ቆዩ፣ እዛች ቦታ ላይ ይሳቃል እንዴ? ሰውየው እየጸለየ ነው! እኔን ብቻ ጥፋተኛ አታድርጉኝ። ማንም ያደረገኝ የለም ለነገሩ።

ስንወጣ «አየሽው ግን?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሰውየውን። ቀና ብሎ አየው እኮ። አሳልፎት ነው የቀጠለው።»

አላየሁም። በሺህ ጊዜ የሰማኋት ዘፈን፣ ፊት ለፊቴ እየተዘፈነች፣ አላየሁም። እሷን ነበር የማየው። ከመጀመሪያው ጀምሮ እሷን ነው የማየው። ወደደችው? እንባ መጣ? አሁንስ? ምሽቱን ሙሉ ፊቷን ስመረምር አመሸሁ። ሰው እንደዛ እየታየ ምን ደስ ይለዋል?

አስቡት ግን። የሚጸልይ ሰው ወደ ሰማይ ቀና ሲል አውሮፕላን። እኔም ባየው እስቅ ነበር። ወይ ላልስቅ እችላለሁ። እሱ ብቻ አይደለም ደግሞ፣ የኦርኬስትራው መሪም ጠብቆታል ማለት ነው። ያ ሁሉ ሙዚቀኛ ቀስቱን ክሩ ላይ እንዳደረገ። እኔ ስልኬ ላይ ያለው ቅጂ ማንንም አይጠብቅም። ጆሮዬ እሱን ለምዶ ነው መሰለኝ፣ ሰው መጠበቁንም እንደ ብልሽት የሰማሁት። ወይም... እንጃ፣ አጋነንኩት።

ይቅርታ ልጽፍላት ጀምሬ አጠፋሁት። በጣም ረዘመ። ሦስት አንቀጽ ለአንድ «ሽሽ»።

ትናንት የድምፅ መልእክት ላከች። ዘፈኗን እያንጎራጎረች ነው። ዜማው ጠፍቶባታል፣ ፈጽሞ ሌላ ዘፈን ነው። መጨረሻዋ ጋ ስትደርስ አቆመችና በአፏ «ቩዉዉዉ» አለች። አውሮፕላኑን። ከዛ ጨረሰችው።

አሥር ጊዜ ያህል ሰምቼዋለሁ። እየቀለደችብኝ ነው? አብረን እንሳቅ እያለችኝ ነው? መጨረሻው ላይ ትንሽ ትንፋሽ አለ፣ ሳቅ ይሁን አይሁን አይለይም። ላሰማችሁ ነበር፣ ግን ሳልጠይቃት...

ልመልስላት ብዬ ማይኩን ተጭኜ ነበር። አራት ሰከንድ ዝም ብዬ ቀዳሁ። ከዛ ጣቴን አነሳሁ፣ ለካ ስታነሺው ይላካል። አራት ሰከንድ ዝምታ ልኬላታለሁ።

እስካሁን አልከፈተችውም። ማለቴ... ቆዩ፣ የኔ ስልክ ነው?

አይደለም።