አሮጌው ስፖንጅ

ከጀርባዬ ውሃ ሲንፎለፎል ይሰማችኋል። ማጥፋት እችል ነበር፤ ሆን ብዬ ተውኩት፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለሱ ነውና። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ድምፁ የሚመጣው ከሁለት ፊልተሮች፣ ከውሃ ማጣሪያዎች ነው። አንዱ አምስት ዓመት የሠራ አኳሪየም ላይ ነው ያለው። ሌላው ትናንት ውሃ የሞላሁት፣ ገና አንድም ዓሣ ያልገባበት የ60 ሊትር ገንዳ ላይ ነው። ትናንት ማታ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አንድ ነገር አሻገርኩ። መጠኑ ከመዳፌ አይበልጥም፤ ቀለሙ ቡናማ ነው፣ ሲነኩት ያሟልጫል፣ የረጠበ አፈር ይሸታል። ቁራጭ ስፖንጅ።

ድሮ ቢሆን ይህን ቁራጭ ሳላመነታ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እጥለው ነበር። አሮጌው አኳሪየም ገና ሰባት ወሩ እያለ አንድ ቅዳሜ ጽዳት አማረኝ። ፊልተሩን ስፈታው ስፖንጁ ጠቁሯል፤ ልጥልጥ ያለ ነገር ለብሷል። ቧንቧ ከፍቼ፣ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ አሸሁት፣ ጨመቅኩት፣ ደግሜ አሸሁት። ፊልተሩ ውስጥ የነበሩትን የሴራሚክ ቀለበቶች ጥዬ በአዲስ ተካኋቸው። የገንዳውንም ውሃ ግማሹን ቀየርኩ። ስጨርስ ገንዳው ጥርት ብሎ ነበር፤ ፊቱ ቁጭ ብዬ ለረጅም ሰዓት አየሁት።

በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው ከውሃው ወለል አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። መተንፈሻቸው፣ ስንጥባቸው ቀልቷል። አንዷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም፤ ማሞቂያው ሥር ጥግ ይዛ፣ ክንፎቿን ሰብስባ፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍስ ነበር። እስከ አምስተኛው ቀን ከዘጠኙ አራቱ ሞቱ።

ለብዙ ዓመት ዓሣ ያረቡ ትልቅ ወዳጅ አሉኝ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እያለቀስኩ ደወልኩላቸው። ስለ ምግቡም ስለ በሽታውም አልጠየቁኝም። «ስፖንጁን በምን አጠብሽው?» አሉኝ። «በቧንቧ ውሃ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «አይ ልጄ፣ አኳሪየሙ እኮ እሱ ነበር» አሉኝ።

ይቺ ንግግር ውስጤ ቀረች። እኔ አኳሪየም ስል መስታወቱን፣ ውሃውን፣ ዓሦቹን ነበር የማስበው። ፊልተሩ ለኔ ቆሻሻ የሚያጠራቅም ዕቃ ነበር፤ ቆሻሻ ያጠራቀመ ዕቃ ደግሞ ይታጠባል።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ዓሣ በበላ ቁጥር አሞኒያ ያስወጣል፣ አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል። ሐይቅ ውስጥ ውሃው ሰፊ ስለሆነ ይበተናል። 60 ሊትር ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ ዓሣው በገዛ መርዙ ውስጥ ይዋኛል። ይህን መርዝ የሚያነሱለት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ያበላሻል፣ ደሙ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ እያለ ይታፈናል። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ተክሎች ይወስዱታል፣ የቀረውን እኛ ውሃ ስንቀይር እናወጣዋለን።

እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ በማሳደግ ስሙ የሚነሣው የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1890 አካባቢ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን፣ አኳሪየም ውስጥ ናይትራይቱን የሚለውጠው ናይትሮባክተር የሚባል ባክቴሪያ ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት የአኳሪየም ፊልተሮችን ሲመረምር ግን ያገኘው ናይትሮስፓይራ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ ከአሞኒያ ጀምሮ እስከ ናይትሬት ድረስ ሥራውን ብቻቸውን የሚጨርሱ የናይትሮስፓይራ ዓይነቶች እንዳሉ አሳዩ። የአንደኛው ቡድን ናሙና ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከዓሣ ማርቢያ ፊልተር! ይህን ባነበብኩ ቀን ያን የጠቆረ ስፖንጅ አስታውሼ ልቤ ተነካ። ቧንቧ ሥር ያሸሁት ያን ነበር።

ታዲያ እነዚህ ፍጥረታት ውሃው ውስጥ እየዋኙ የሚኖሩት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ተለጥፈው፣ ያን ልጥልጥ ነገር ሠርተው ነው የሚኖሩት። ስለዚህ ከአሮጌ ገንዳ አንድ ባልዲ ውሃ ቀድቶ አዲሱ ላይ መጨመር ብዙ አይረዳም፤ ስፖንጁ ነው መሄድ ያለበት። ደግሞም ሲባዙ ዝግተኞች ናቸው። አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። እነዚህ ግን ተመችቷቸውም እንኳ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። አዲስ ገንዳ ከምንም ተነሥቶ ለመዘጋጀት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚወስደው ለዚህ ነው።

ጋሼ ያኔ ምን አደረጉ መሰላችሁ? በማግስቱ ከራሳቸው ፊልተር ላይ ቆርጠው አመጡልኝ። ከገንዳቸው ውሃ ትንሽ የተጨመረበት፣ ከላዩ አየር ያለበት ዕቃ ውስጥ አድርገው፣ እንዳይሞቅ ጥላ አልብሰው። የቀሩት አምስት ዓሦች ተረፉ። ትናንት የቆረጥኩት ስፖንጅ ከዚያ ቁራጭ የተነሣ ነው።

አዲሱ ገንዳ ለእህቴ ልጅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አብራኝ ነበረች። አስቀድመን ውሃውን ሞላን፣ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድል ክሎሪን ማስወገጃ ጨመርን፣ ማሞቂያውን 25 ዲግሪ ላይ አደረግን፤ አሮጌውም ያው ነውና። ከአሮጌው ገንዳ ባልዲ ውስጥ ውሃ ቀዳን። ከዚያ ፊልተሩን አጥፍቼ ስፖንጁን አወጣሁ፣ በመቀስ ሲሶውን ብቻ ቆረጥኩ። ሁሉንም ብወስድ የድሮዎቹን ዓሦች መልሼ እዚያው መከራ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ቁራጩን ባልዲው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነቅነቅ አደረግሁት፤ ቡናማ ደመና ወጣ። ልጅቷ ፊቷን አጨማደደች። «አክስቴ፣ ይሄን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ልትከቺው ነው?» አለችኝ። ያቺን ቅዳሜ ብትጠይቀኝ ምን እላት ነበር?

በፊልተሩ ውስጥ አዲሱን ስፖንጅ ከፊት፣ አሮጌውን ከኋላ አደረግኩ፤ ደቃቁ ቆሻሻ ቶሎ እንዳይደፍነው። ከማጥፋቴ እስከ ማብራቴ 10 ደቂቃ አልሞላም። መጣደፌ ያለ ምክንያት አልነበረም። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ውሃ ሳያልፍበት የቆመ ስፖንጅ ውስጥ ያለውን ይጨርሱትና ይታፈናሉ። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ መንገድ አለው። አዲሱን ፊልተር አሮጌው ገንዳ ላይ ሰክቶ አንድ ወር ያህል ጎን ለጎን ማሠራት። ምንም አይቆረጥም፣ ማንም አይጎዳም። እኔ ግን ለልጅቷ ልደት ቀድሜ ቃል ገብቼ ነበር።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ስፖንጅ የሚያሻግረው መልካሙን ብቻ አይደለም። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ጥገኛ፣ የቀንድ አውጣ እንቁላል፣ ቀስ ብሎ የሚገድለው የዓሣ ቲቢም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ዓሦቹን ለወራት ካላየሁበት ገንዳ፣ ሰጪው የቱንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን፣ ስፖንጅ አልቀበልም።

ደግሞ ስፖንጁ ገብቷል ብሎ ገንዳውን በአንድ ቀን በዓሣ መሙላት የለም። በላዩ ያሉት ባክቴሪያዎች ሲመገቡ የኖሩትን ያህል ናቸው። አሮጌው ገንዳ ውስጥ ዘጠኝ ዓሦች አሉ፤ እኔ የወሰድኩት ሲሶውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገቡት ሦስት ናቸው፤ እነሱም ፈተናውን ካለፍን። ፈተናው ይሄ ነው፦ ትናንት ማታ ባዶው ገንዳ ውስጥ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪሆን ድረስ አሞኒያ ጨመርን። በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆነ፣ ስፖንጁ ሥራውን ይዟል ማለት ነው።

ይህን መቅዳት ከመጀመሬ በፊት ለካን፤ መለኪያው በቀለም ነው የሚናገረው፣ አሞኒያ ከሌለ ቢጫ፣ ናይትራይት ከሌለ ሰማያዊ። የአሞኒያው ብልቃጥ ትናንት ጥቁር አረንጓዴ ነበር፤ አሁን ቢጫ ነው፣ ወደ ብርሃን ስታስጠጉት ዳሩ ላይ ብቻ ትንሽ አረንጓዴ አለ። የናይትራይቱ ግን አሁንም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው። ሰማያዊ መሆን ነበረበት። ልጅቷ ሁለቱን ብልቃጦች መስኮቱ ላይ ደርድራ፣ «ዛሬ አይገቡም ማለት ነው?» አለችኝ። ዛሬ አይገቡም አልኳት። ነገ ማታ በዚያው ሰዓት እንለካለን።

አሁን ማይክራፎኑን ወደ ገንዳው ላስጠጋው። በቀኝ በኩል የምትሰሙት አዲሱ ነው።