ቅቤ ሳይቀመስ የመጣ ኮሌስትሮል
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

እንደምን አረፈዳችሁ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ሊገቡ ነው። ሰብሳቢያችን ከዚያ በፊት ስለ ምግብ ዘይት እንድናገር ሲጠይቁኝ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደብኝም፤ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ ነው። ጥያቄውን ቁልጭ አድርገው ያቀረቡልኝ አንዲት እናት ናቸው። ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል።

የደም ምርመራ ውጤታቸውን ይዘው ገቡ። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሏል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ እኔ ቅቤ ከቀመስኩ ዓመታት አልፈዋል። ሥጋ ለፋሲካና ለገና ነው። ረቡዕና ዓርብ አልሽርም። ታዲያ ይህ ከየት መጣብኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የሚበሉትን አንድ በአንድ ስንቆጥር ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን ሆነ። መጨረሻ ላይ ወጡን በምን ዘይት እንደሚሠሩት ጠየቅኋቸው። «በዚያ በሚረጋው ነው፤ አቅሜ እሱን ነው» አሉኝ።

ዛሬ የምናገረው ለእኚህ እናት የሰጠሁትን መልስ ነው። የጾም ምግብ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ለልብና ለደም ሥር መስማማት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

አስቀድሜ ግን ቅባትን በጅምላ እንድትፈሩት አልፈልግም። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ጉልበት ይሰጣል፤ ከእንጀራ የምናገኘው ስታርች በግራም 4 ብቻ ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ወደ ሰውነታችን የሚገቡት በቅባት ተሸክመው ነው። ካሮትና ጎመን ያለ ምንም ዘይት ቀቅለን ብንበላ፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቀለም አብዛኛው ሳይጠቅመን ያልፋል። ሰውነታችን በራሱ መሥራት የማይችላቸው፣ የግድ ከምግብ ማግኘት ያለበት ሁለት የቅባት ዓይነቶችም አሉ። አንደኛው ሊኖሌይክ ይባላል፤ የኑግ ዘይታችን ከሁለት ሦስተኛ በላይ እሱ ነው። ሁለተኛው አልፋ ሊኖሌኒክ ነው፤ የተልባ ዘይት ከግማሽ በላይ ከእሱ የተሠራ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያላችሁ እናቶች፣ ዛሬ የምናገረውን ሰምታችሁ ከልጃችሁ ገንፎ ላይ ዘይቱን እንዳትቀንሱ። አደራ። ለሚያድግ አእምሮ ቅባት ያስፈልገዋል።

ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ። የበላነው ዘይት አንጀት ሲደርስ በሐሞት ይበተናል፤ ከቆሽት በሚመጣ ኢንዛይም ይሰባበራል፤ ከዚያም አንጀታችን መልሶ ይገጣጥመውና ወደ ደም ይልከዋል። ጡንቻ የፈለገውን ያነዳል፤ የተረፈው ይጠራቀማል። ጉበት በበኩሉ ቅባትና ኮሌስትሮል የሚያጓጉዙ ጥቃቅን እሽጎችን ወደ ደም ይለቃል። ከእነዚህ እሽጎች ኤልዲኤል የሚባለው በደም ውስጥ ሲበዛና ብዙ ሲቆይ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይከማቻል። ጤነኛ ጉበት ይህን እንዳይበዛ መልሶ የሚሰበስብባቸው መቀበያዎች አሉት። እነዚህን መቀበያዎች ያገኙት አሜሪካውያኑ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሞች ሳቹሬትድ የሚሉት የሚረጋ ስብ ሲበዛ ጉበታችን መቀበያዎቹን ይቀንሳል። መሰብሰብ የነበረበት ኤልዲኤል ደም ውስጥ ይቀራል። እናታችን «የሚረጋው» ያሉት ከዘንባባ ፍሬ የሚጨመቀው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ይህ የሚረጋ ስብ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ፓልሚቲክ የተባለው ዓይነት ነው። ቅቤ ውስጥ ካሉት የሚረጉ ስቦችም ትልቁን ድርሻ የያዘው ይኸው ፓልሚቲክ ነው። ጉበት ከላም ይምጣ ከዘንባባ አይጠይቅም። እናታችን ቅቤን በአፋቸው አልነኩም፤ በቅቤ ውስጥ የሚጎዳው ነገር ግን በየቀኑ ከሽሮው ጋር ይገባላቸው ነበር።

ልክ እንደዚህ እናስላው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር አምስት ሊትር ዘይት ቢጠቀም፣ ለአንድ ሰው በቀን 30 ግራም ያህል ይደርሰዋል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ዘይቱ ፓልም ከሆነ 15 ግራሙ የሚረጋ ስብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዕለት ጉልበታችን ከሚረጋ ስብ የምናገኘው ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ ነው። ሌላ ምንም ሳንጨምር ሁለት ሦስተኛውን በዘይቱ ብቻ ጨረስነው። ያው 30 ግራም የኑግ ዘይት ቢሆን የሚረጋው ስብ አምስት ግራም ያህል ብቻ ነው።

በየሰፈሩ የሚነገር አንድ ነገር ላርም። «ጠዋት ድስቱ ላይ የረጋው ዘይት ደም ሥር ውስጥም እንዲሁ ይረጋል» ይባላል። ትክክል አይደለም። ሰውነታችን 37 ዲግሪ ሙቀት አለው፤ ዘይቱም ተፈጭቶ ነው የሚገባው። ጉዳቱ በጉበት በኩል ዞሮ፣ በብዙ ዓመት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚለው የጄሪካን ጽሑፍም አያጽናናችሁ። ከተክል የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም ሊባል ይችላል። ጥያቄው ዘይቱ ጉበታችንን ምን ያደርገዋል የሚለው ነው። ደግሞም ኮሌስትሮል በዘር፣ በእንቅርት ዕጢ መድከም፣ በስኳር በሽታም ይጨምራል፤ ሁሉን ነገር በዘይት ላይ አላላክክም።

የሚረጋውን ዘይት የሚገዛውን ሰው ልወቅስ አይደለም የቆምኩት። የሁመራና የመተማ ሰሊጥ ወደ ውጭ ይጫናል፤ ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የፓልም ዘይት ተጭኖ ይመጣል። ኑግ የዚህች አገር ተክል ሆኖ ሳለ የኑግ ዘይት የባለጸጋ ዕቃ ሆኗል። ይህ እንደ ሐኪምም እንደ ዜጋም ያሳዝነኛል።

ከፓልም የባሰም አለ። ፈሳሽ ዘይትን በሃይድሮጅን ማርጋት የሚቻልበትን መንገድ ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1902 በባለቤትነት አስመዘገበ። ከዚያ የተገኘው ትራንስ ፋት ርካሽ ማርጋሪንና ብስኩት ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሆላንድ ውስጥ የተደረገ ጥናት ይህ ቅባት ጎጂውን ኤልዲኤል ከፍ፣ ጠቃሚ የሚባለውን ሌላውን እሽግ ኤችዲኤልን ዝቅ እንደሚያደርግ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከዓለም ገበያ ይውጣ ብሎ ጥሪ ያቀረበው ለዚህ ነው። ማሸጊያው ላይ «በከፊል ሃይድሮጅን የገባበት» የሚል ካያችሁ አትግዙት።

አሁን ስለ መጥበሻው። በኢፍጣር ሰሞን ሳምቡሳ የሚጠብሱ፣ ጠዋት ጠዋት ቦንቦሊኖ የሚሸጡ እህቶቻችን አንዱን ዘይት ለብዙ ቀን ያመላልሱታል። ዘይት ውድ ስለሆነ ነው፤ ይገባኛል። የፓልም ዘይትን የሚመርጡትም ሙቀት ስለሚችል ነው፤ በዚህ ረገድ ከኑግ ይሻላል፤ ኑግ ለተደጋጋሚ ጥብስ አይሆንም። ይሁን እንጂ የትኛውም ዘይት ተደጋግሞ ሲግል ይበላሻል፤ ሰውነትን የሚጎዱ ውህዶች ይፈጠሩበታል። የጠቆረ፣ የወፈረ፣ አረፋው የማይጠፋ፣ ሳይሞቅ የሚጨስ ዘይት አልቆለታል። አዲስ ዘይት በላዩ መጨመርም አያድነውም።

እቤት ውስጥ ግን ብዙ መላ አለን፤ ያውም ከእናቶቻችን የወረስነው። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላልቶ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ በውኃ አብስሎ፣ ዘይቱን ኋላ መጨመር የቆየ የወጥ አሠራራችን ነው። ዘይት ቀድሞ ድስት ሙሉ ሲንቆረቆር ያየሁት በቅርብ ዘመን ነው። ዘይቱን በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። የኑግ ዘይት ከብርሃንና ከሙቀት ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ቶሎ ሽታው ስለሚለወጥ በትንሽ በትንሹ ግዙ። ተልባና ሱፍ ፍትፍት ለጾም ማዕድ ይመለሱ። ጾም ሲፈታም የንጥር ቅቤው ማንኪያ ልከኛ ይሁን።

እናታችን ዘይታቸውን ቀየሩ፤ መጠኑንም ከግማሽ በታች ስላደረጉት ወጪያቸው አልጨመረም። ከሦስት ወር በኋላ ያመጡት ውጤት ከፊተኛው ዝቅ ያለ ነበር። ገና እየተከታተልን ነው።

አሁን ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለለቅሶ ቤት የሚሠራው ወጥ በዕድራችን ድስት ነው የሚሠራው፤ ከዚያ ድስት ሕፃኑም አዛውንቱም፣ ግፊት ያለበትም ስኳር ያለበትም ይበላል። ዕቃ ቤት ያለው የሚረጋ ዘይት ሲያልቅ በምትኩ ፈሳሽ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት እንዲገዛ፣ አባላትም ገንዘብ አዋጥተን ከመጭመቂያ ቤት በጅምላ ገዝተን ለየቤታችን በጅምላ ዋጋ የምንከፋፈልበት ሁለት ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ እንዲመረጥ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው ዙር የዘይቱን ጥራት ለማየት ከኮሚቴው ጋር አብሬ እሄዳለሁ። ውሳኔው የእናንተ ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።