የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ መጪው የሚኒሶታ ኮሌጆች ፉትቦል

የሚኒሶታ ኮሌጆች የአትሌቲክስ ኮንፈረንስ፣ በአጭር መጠሪያው ማያክ፣ የአሜሪካ ፉትቦል (በእጅም የሚያዘው ሞላላ ኳስ ጨዋታ) ውድድሩን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን ገደማ ስለሚጀምር፣ በስልክ ከቀረቡልን ጥያቄዎች ለተወሰኑት የስፖርት ባለሙያችን የሚከተለውን መልስ ሰጥተዋል።

ከሴንት ፖል የደወሉ እናት፦ ልጄ ዘንድሮ ከማያክ ኮሌጆች በአንዱ ፉትቦል ሊጫወት ነው። አሰልጣኙ ራሳቸው ደውለው ጠርተውት ሳለ ስኮላርሺፕ የለም መባሉ ምን ማለት ነው?

ማያክ የዲቪዥን 3፣ ማለትም ከሦስቱ የኮሌጅ ስፖርት እርከኖች የሦስተኛው፣ ሊግ በመሆኑ ማንኛውም አባል ኮሌጅ ለስፖርት ችሎታ ብቻ ስኮላርሺፕ እንዲሰጥ አይፈቀድለትም። በቤተሰብ ገቢና በትምህርት ውጤት የሚገኘው ድጋፍ ግን ለልጅዎም ክፍት ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከአሰልጣኙ ጋር ሳይሆን ከኮሌጁ የፋይናንስ ድጋፍ ቢሮ ጋር ይጨርሱ። ልጅዎ በመጀመሪያው ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ ቢቆይም አይደንግጡ፤ በዚህ ሊግ የተለመደ ነው።

ከብሩክሊን ፓርክ የደወሉ አድማጭ፦ የማያክን ዋንጫ የሴንት ጆንስ ቡድን ይወስዳል ወይስ የቤተል?

ከሁለቱ አንዱ ይወስዳል ብዬ አምናለሁ። ሴንት ጆንስ ከ1953 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሠለጠኑት በጆን ጋግሊያርዲ እጅ የተገነባ ቡድን ነው። እኚህ ሰው በልምምድ ላይ ተጫዋቾቻቸው እርስ በርስ ታክል እንዳይገቡ፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ይዘው እንዳይጥሉ፣ ከልክለው፣ በጠቅላላ የሥራ ዘመናቸው 489 ድል አስመዝግበዋል፤ በኮሌጅ ፉትቦል ይህን ያህል ያሸነፈ አሰልጣኝ የለም። ቤተል ደግሞ ከ1989 ጀምሮ በአንድ አሰልጣኝ፣ በስቲቭ ጆንሰን፣ እጅ ቆይቶ ሥራው ከ2023 የውድድር ዘመን በኋላ ወደ ተተኪ ተላልፏል።

ብዙ ሰው ቅድመ ግምቱን በኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን በሚመራውና ኳሱን በሚወረውረው ተጫዋች፣ ላይ ይመሠርታል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምመለከተው ኳርተርባኩን ከፊት ሆነው የሚከልሉትን አምስት ግዙፍ ተጫዋቾች ነው። ከአምስቱ አራቱ ካለፈው ዓመት የቀጠሉ ከሆነ አዲስ ኳርተርባክ እንኳ ተረጋግቶ ይወረውራል። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ዓይንዎን ከኳሷ አንሥተው እነርሱን ይከታተሉ። በሦስተኛው ሩብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው የሚያለከልኩ፣ ተቀያሪም የማይገባላቸው ከሆነ፣ ያ ቡድን እስከ ኅዳር አይዘልቅም። ጥቂት ኮከቦች ሳይሆኑ የተቀያሪዎች ብዛትና ጥራት ነው ዋንጫ የሚያመጣው፤ ሁለቱን ቡድኖች ከቀሪዎቹ የሚለያቸውም ይኸው ነው።

ከሲዳር ሪቨርሳይድ የደወሉ አድማጭ፦ የማያክ አባል የሆነው የኦግስበርግ ሜዳ ለቤቴ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ትንንሾቹ ቡድኖች ሁልጊዜ የሚደቆሱ ከሆነ መሄዱ ምን ይረባል?

ሥጋትዎ መሠረት አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. ያኔ የሊጉ አባል የነበረው ሴንት ቶማስ ሌላውን አባል ሴንት ኦላፍን 97 ለ 0 አሸንፎ ነበር፤ በ2019 የኮሌጆቹ ፕሬዚዳንቶች የውድድሩ ሚዛን ተዛብቷል በማለት ሴንት ቶማስ ከሊጉ እንዲወጣ ወሰኑ፣ እርሱም በ2021 በቀጥታ ወደ ከፍተኛው እርከን፣ ወደ ዲቪዥን 1፣ ተሸጋገረ። ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ ጨርሶ ጠፋ ባይባልም፣ በሰንጠረዡ መካከል ያሉት ቡድኖች ጨዋታ እስከ መጨረሻው ደቂቃ የሚያጓጓ ሊሆን ስለሚችል ቢሄዱ አይቆጩም። መኪና ካለዎት ደግሞ ኖርዝፊልድ ሄደው የሁለቱን ጎረቤታሞች፣ የካርልተንንና የሴንት ኦላፍን፣ ፉክክር ይመልከቱ። በነገራችን ላይ እነዚሁ ሁለቱ በ1977 እ.ኤ.አ. ያርድን ትተው ሜዳውን በሜትር ለክተው ተጫውተዋል፤ የሜትሩ ነገር ግን በዚያው ቀረ።

ከኢገን የደወሉ አድማጭ፦ አንድ ሽንፈት ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ወዳለው የጥሎ ማለፍ ዙር፣ የመግባት ተስፋን ያጠፋል?

የማያክ ሻምፒዮን በቀጥታ ያልፋል። ሀገር አቀፉ ፕሌይኦፍ በ2024 ከ32 ወደ 40 ቡድኖች ስላደገ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ሁለተኛ የወጣ ቡድንም ተስፋ ይኖረዋል፤ ነገር ግን የተጋጣሚዎቹ ጥንካሬ ስለሚታይ፣ ከሊጉ ውጭ በመክፈቻው ሰሞን የገጠመው ቡድን ደካማ ከሆነ መጨረሻ ላይ ዋጋ ያስከፍለዋል።