1312 ገደማ

እሺ... ይሰማል? ይሰማል። ዛሬ መብራት አለ፣ ጄነሬተሯን አላስነሳናትም፣ የሷ አድናቂዎች ቅር አይበላችሁ። ዝናቡ ግን እየመጣ ነው፣ በጅሬን በኩል ጠቁሯል፣ ቆርቆሮው መጮህ ከጀመረ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ እንጂ አላቋርጥም፤ ጅማ ተቀምጦ ዝናቡ ያባራና ልቅረጽ የሚል ሰው መጀመሪያውኑ ፖድካስት አይጀምርም።

ያው ስለ ሴንት አይቭስ፣ እህቴ ጋ ሄጄ ስላየኋት የእንግሊዝ የባህር ዳር ከተማ፣ አውርቼ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር አይደል። አልጨረስኩም። የነገርኳችሁ የወፏን ነው። እስካሁን "ወፏ እንዴት ናት" ብላችሁ ሜሴጅ የምትልኩልኝ አላችሁ፣ ደህና ናት ወላሂ፣ የኔን ፔስቲ፣ ሥጋ የታጠፈበት የነሱ መጋገሪያ ነው፣ ከእጄ ነጥቃ በልታ ምን ትሆናለች። እኔ እኮ ልጅ ሆኜ ሥጋ ተልኬ ስመለስ ጭልፊት ያስለቀሰኝ ሰው ነኝ፣ ሰማይ ማየት የማውቅ ይመስለኝ ነበር፣ የባህር ወፍ ግን ከፊት ለፊት ነው የምትመጣው፣ አይንህን እያየች። ይሄን ነግሬያችኋለሁ። እሺ።

የፐቡን፣ የመጠጥ ቤታቸውን፣ ነገር ግን ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት። አንደኛ እማዬ ትሰማኛለች። እማ፣ የጠጣሁት ሎሚናት ነው፣ እህቴን ጠይቂያት፣ እሷ የጠጣችውን ደግሞ እኔን አትጠይቂኝ። ሁለተኛ... ሁለተኛውን እንጃ። ማውራት የጀመርኩት ሁለተኛውን ላገኘው ይሆናል።

ቤቱ ስሉፕ ኢን ነው የሚባለው፣ ወደቡ ላይ ነው። ላይ ስል በቃ ላይ፣ በሩን ከፍተህ መንገዷን ከተሻገርክ አሸዋ ነው። እና ስንደርስ ባህሩ የለም! ማለቴ ሄዷል። ጀልባዎቹ ሁሉ አሸዋው ላይ ጋደም ብለው፣ ገመዳቸው ላልቶ፣ ሰው በመሀላቸው ከነጫማው ይሄዳል፣ ውሻ ይሮጣል። እህቴን ባህሩ የት ሄደ አልኳት፣ ይመጣል አለችኝ፣ ምሳ ሊበላ እንደወጣ ሠራተኛ። በቀን ሁለቴ ይሄዳል ሁለቴ ይመጣል፣ የጨረቃ ስበት ነው ምናምን፣ ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ፣ ግን መመለስና ባዶ ወደብ ላይ መቆም አንድ አይደለም። የድንጋዩ ግንብ፣ ስሚተን የሚባል ኢንጂነር በፈረንጅ 1760ዎቹ መጨረሻ ያሠራው፣ እሱ ብቻ ውሃ ሳይኖር ውሃ ይጠብቃል።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ እንጨቱ የጠቆረ። ከጠረጴዛ ስር ውሻ ተኝቷል። የሌላ ሰው ውሻ፣ እግሬ ላይ። እኔ ሱሪዬን ሰብስቤ ለሰዓታት እንዴት እንደተቀመጥኩ አንድዬ ነው የሚያውቀው። ልጆችም አሉ፣ አሮጊቶችም አሉ፣ እኛ ጋ መጠጥ ቤት ሲባል የሚመጣባችሁን ነገር ተዉት፣ ግማሹ ሰው ዓሳና ድንች ነው የሚበላው። ግድግዳው ላይ ደግሞ የሰው ፊት አለ። ብዙ ፊት። ሃይማን ሲጋል የሚባል ሰዓሊ ነበር፣ እዛው ከተማ ይኖር የነበረ፣ የሰፈሩን ሰዎች፣ ዓሣ አጥማጁን ምኑን፣ ፊታቸውን ሥሎ እዛው ተሰቅሏል። አሁን እነሱ ከላይ ሆነው ቱሪስቱ ሲበላ ያያሉ።

እና አስቡት። ጥግ ላይ ነን። እህቴ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታለች፣ እኔ ወደ ግድግዳው። አንድ ሽማግሌ መጡ። እህቴ አንቱ ስል ትስቅብኛለች፣ ፈረንጅ ነው እኮ ትለኛለች፣ ምን ላድርግ፣ ሰባ አምስት የሚሆናቸውን ሰውዬ አንተ በል ስትሉኝ ምላሴ እምቢ ይላል። ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል፣ እጃቸው ላይ ብርጭቆ አለ፣ ባዶ። ይቺን ባዶ የምትለዋን ያዙልኝ፣ እኔ ያኔ አላየኋትም። አይቻታለሁ፣ ግን አላሰብኳትም። መጥተው ከእህቴ ጀርባ ቆሙ። ወንበር የፈለጉ መስሎኝ ወንበር ሳብ አደረግኩላቸው፣ አልተቀመጡም። ጣታቸውን በእህቴ ራስ ላይ አሳልፈው አንዱን ሥዕል አሳዩኝና "አባቴ ነው" አሉኝ።

ብድግ አልኩ።

አስቤበት አይደለም ወላሂ። ሰው የሞተ አባቱን ሲያሳይህ ተቀምጠህ ነው እንዴ የምታየው? ብድግ አልኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ፣ "አላህ ይዘንላቸው" አልኩ፣ በአማርኛ፣ እንግሊዝኛው ጠፋብኝ። እህቴ ድንቿን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። አጠገባችን ያሉት ፈረንጆች ዞር አሉ። ውሻው ሳይቀር ነቃ።

ሽማግሌው አዩኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ... ፊታቸው ላይ የነበረች አንድ ነገር ነበረች፣ ፈገግታ የምትመስል፣ የተዘጋጀች ነገር፣ እሷ ወረደች። ሥዕሉን ቀና ብለው አዩት፣ መጀመሪያ ሲያሳዩኝ እሳቸው ራሳቸው አላዩትም ነበር፣ ይሄን በኋላ ነው ያስተዋልኩት፣ ሲያሳዩኝ የሚያዩት እኔን ነበር። አሁን ሥዕሉን አዩት። ብርጭቆዋን ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡ፣ ክንዴን ያዝ አደረጉና "ተቀመጥ ልጄ" አሉኝ። ወጡ። በቃ። በሩ ተከፈተ፣ ነፋስ ገባ፣ ተዘጋ።

ከትንሽ ቆይታ በኋላ አስተናጋጇ ብርጭቆ ልትሰበስብ መጣች። "ዛሬ የትኛው ነው አባቱ?" አለችን። በክፋት አይደለም፣ እየሳቀች፣ እንደምትወዳቸው ታስታውቃለች። ባለፈው ሳምንት በሩ ጋ ያለው ነበር አባታቸው። ቱሪስቱ ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ፎቶ ያነሳቸዋል፣ ቢራ ይገዛላቸዋል፣ እሳቸውም ቁጭ ብለው ያወራሉ። እህቴ ሳቀች፣ እኔን እያየች "ገበያውን ዘጋህበት" አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ባቡሩ ላይም እየሳቅን ነው የሄድነው።

እና ማታ ላይ... አልሳቅኩም።

ምን መሰላችሁ፣ ሳስበው፣ እንደ ሰው "ምን ልጋብዝዎት" ብላቸው ኖሮ ይቀመጡ ነበር። የዓሣውን ታሪክ ይነግሩኝ ነበር። እዛ ከተማ ድሮ ፒልቻርድ የሚባል ዓሣ ነበር፣ ሰርዲን በሉት፣ በመንጋ ነው የሚመጣው፣ ኮረብታ ላይ የሚቆም ጠባቂ አለ፣ የውሃው ቀለም ሲለወጥ አይቶ "ሄቫ!" ብሎ ይጮሃል፣ ከተማው በሙሉ ወደ ውሃው። ጨው አድርገው በበርሜል ለጣሊያን ይልኩት ነበር፣ ለጾም። እኔ ይሄን ያነበብኩት በኋላ ነው፣ ከሳቸው አፍ ብሰማው ግን... እና ጣሊያን፣ እኛ ጋ መጥቶ ፎቅ ሠርቶ የሄደው ጣሊያን፣ የነሱን ዓሣ ሲበላ ነው የኖረው፣ ይሄ ራሱ ሌላ ኤፒሶድ ነው፣ ተዉት።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ። ዋሹ ልል እፈልግና አልችልም። ምክንያቱም በሩ ላይ፣ የቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ምን ተጽፏል መሰላችሁ፣ "1312 ገደማ"። ገደማ! ገደማ የሚባለው እኮ ለ1300 ነው፣ ይሁን ለ1310፣ አሥራ ሁለትን ቆጥሮ ገደማ የሚል ሰው ምን አይነት ነው? በዛን ጊዜ እኛ ጋ ዐምደ ጽዮን ገና አልነገሠም፣ የነገሠው በነሱ አቆጣጠር 1314 ነው፣ ያኔ ቢራ እየተቀዳ ነበር እያሉኝ ነው። እና ማንም አይስቅም። ሰው ይቆምና ፎቶ ይነሳል፣ ይገባል፣ ይከፍላል። ቤት "ገደማ" ሲል ቅርስ ነው፣ ሽማግሌ "አባቴ ገደማ" ሲል... ይሄንን ለእህቴ ስነግራት "አንተ ደግሞ" አለችኝ። ልክ ልትሆን ትችላለች።

አጎቴን ታውቁታላችሁ። የኢዱን ኤፒሶድ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ቅድመ አያታችን የአባ ጅፋር ፈረስ ጠባቂ ነበሩ ይላል። ያምና ግን ማር ተቀባይ ነበሩ። አንዴ ደግሞ ንጉሡ ሲሞቱ፣ በፈረንጅ 1932 ማለት ነው፣ አጠገባቸው ነበሩ። ጅሬን ቤተ መንግሥቱን ልናይ ስንወጣ አስጎብኚውን ያርማል፣ "የለም እዚህ ጋ ነው የሚቀመጡት የነበረው"፣ አስጎብኚው ምስኪን "እሺ ጋሼ" ይላል። እኛ ቤት ማንም ጠይቆት አያውቅም። ማን ሊጠይቀው? ለምን? ቡናው እየፈላ፣ ሁሉ ጸጥ ብሎ እየሰማው። ታዲያ አንድ ቀን የሆነ እንግዳ መጥቶ ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ቢያደርግለት አጎቴ ምን ይሆናል? ዝም የሚል ይመስለኛል። ወይም ያለቅሳል። ወይም ማሩን ትቶ ወደ ፈረሱ ይመለሳል፣ እሱን አታውቁትም።

ቆይ በሩን ልዝጋው፣ ዝናቡ ገባ... እሺ።

ከዛ ደግሞ እናደዳለሁ፣ በማን እንደምናደድ ሳላውቅ። በነዛ ጠባብ መንገዶች ስትሄዱ በየቤቱ በር አጠገብ ትናንሽ የቁልፍ ሳጥኖች አሉ፣ ቁጥር ነክተህ የምትከፍታቸው፣ ለእንግዳ የሚከራዩ ቤቶች ናቸው። የለንደን ሰው ገዝቶ በጋ በጋ የሚመጣበትም አለ። እህቴ ናት የነገረችኝ፣ ነገሩ ሲከፋ ከተማው በፈረንጅ 2016 ድምፅ ሰጠ፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ ይሁን ተብሎ፣ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሆነው ሰው አዎ አለ። አዲሱን ነው፣ የድሮውን ግን ማን ያግደዋል፣ ተሽጧል። እና ሰውዬው ፊቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰው ልጅ ሆነውም ይሁን ሳይሆኑ፣ ያደጉበት ሰፈር ገብተው ለኛ፣ ትናንት ለመጣነው፣ ስለ ራሳቸው ቤት... አይ፣ ተዉት። የት እንደሚኖሩ እንኳን አላውቅም እኮ። ምናልባት የሦስት ቤት ጌታ ናቸው፣ አንዱን እኛ ነን የተከራየነው። ይሄን ሳስብ ራሴን መምታት ያምረኛል፣ አንድ ብርጭቆ ቢራ ያልገዛሁለትን ሰው ድሃ አድርጌ ስቀብረው።

እና ደግሞ ቢራ እገዛ ነበር ወይ? በኔ ገንዘብ? እማ እየሰማሽ ነው አይደል። እሱንም አላውቅም። ሎሚናት ልግዛልዎ ልላቸው ነበር መሰለኝ፣ ሃሃ፣ ያኔማ ሥዕሉም ይወርድ ነበር።

"ተቀመጥ ልጄ" ያሉኝን ግን... ድምፃቸው ሌላ ነበር። ለቱሪስት የሚወራበት ድምፅ አይደለም። ወይም እኔ ነኝ እንደዛ ያደረግኩት፣ ደጋግሜ ሳስበው አለሰለስኩት፣ መጀመሪያ ምናልባት "ተቀመጥ በናትህ ሰው እያየን ነው" ነበር የሚመስለው። ብዙ ካወራሁት ይጠፋብኛል ብዬም ነው ዝም ያልኩት፣ ይኸው አሁን ስነግራችሁ ራሱ ሹራቡ ሰማያዊ ነበር ወይስ ጥቁር እያልኩ ነው። ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ አድርጉት።

እህቴ ትናንት ቮይስ ላከችልኝ፣ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ተመልሰው ሊሄዱ ነው፣ "ሰውዬህን ባገኘው ምን ልበልልህ፣ ወይስ አስተናጋጇን እውነቱን ልጠይቃት" ትላለች፣ እየሳቀች። አልመለስኩላትም። ጠይቂያት ልበላት፣ አትጠይቂያት ልበላት... ሰላም በይልኝ ብላትስ፣ በማን አባት ብላ ነው ሰላም የምትላቸው? አየህ። ሐሙስ ነው የሚሄዱት፣ እስከዛ... ኧረ ቆይ፣ አልሰማም አሁን፣ ቆርቆሮው...