«ሽንኩርት ገዝተሽ ነይ»፦ ቢሮ በሌለው ድርጅት ስለመሥራት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው እንግዳችን የሰው ኃይል አስተዳደር አማካሪ ናቸው። ከዚያ በፊት አንድም ቢሮ በሌለው የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ 6 ዓመት ከመኖሪያ ቤታቸው ሆነው ሠርተዋል። የአድማጮችን ጥያቄ አሳጥረናል፤ መልሱን ግን እንደተናገሩት አቅርበነዋል።

ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ፣ ወጣት ሴት፦ «ኒው ዮርክ ላለ ድርጅት ከቤት ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ሆነኝ። እናቴ አሁንም ሥራ የያዝኩ አይመስላትም። ስብሰባ ላይ ሆኜ ‹ሽንኩርት ገዝተሽ ነይ› ትለኛለች። ጎረቤት ሰው ሲፈልግ ‹ልጄ ቤት ናት፣ እሷን ላኳት› ትላለች።»

እህቴ፣ እኔም ከስብሰባ መሐል ተነሥቼ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሜ አውቃለሁ። እናትሽ አላጠፉም። ሥራ ሲባል እርሳቸው የሚያውቁት ጠዋት ለባብሰው የሚወጡበትን፣ ማታ ደክሟቸው የሚገቡበትን ነው። የአንቺን ድካም አያዩትም፤ የሚያዩት ቁጭ ብለሽ ኮምፒውተር ስትነካኪ ነው። እኔን ያዳነኝ ጫማ ነው። በሥራ ሰዓት የቆዳ ጫማዬን አደርጋለሁ፤ ስጨርስ ነጠላ ጫማ። ቤተሰቡ ሲስቅብኝ ከረመ፤ ውሎ አድሮ ግን ልጆቹ ሳይቀሩ መጀመሪያ እግሬን አይተው መመለስ ጀመሩ።

ሌላው ሰዓት ነው። ኒው ዮርክ ጠዋት 9፡00 ላይ ሥራ ሲጀምር እኛ ዘንድ በእነርሱ በጋ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በእነርሱ ክረምት 11 ሰዓት ይሆናል፤ እነርሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። ስለዚህ ዋናው ስብሰባ ልክ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ላይ ይወድቃል። ለእናትሽ ቁርጥ ያለ ነገር ንገሪያቸው፦ ከ10 ሰዓት በኋላ አልላክም፣ ጠዋት ግን እንደፈቀዱ። የጠዋቱን ቡና በድርጅቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ እንደ ማንኛውም ቀጠሮ አስገቢው። ለቅሶም አይቅርብሽ፤ ቀደም ብለሽ ጻፊላቸውና ሂጂ። ሰዓት ስትጽፊ ደግሞ ተጠንቀቂ። አንድ ጊዜ እዚሁ አገር ላለ ባልደረባዬ «3 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ብዬ ጽፌ እኔ ጠዋት ስጠብቀው፣ እርሱ የፈረንጁን 3፡00 ቆጥሮ ከሰዓት በኋላ ብቅ አለ።

ከባሕር ዳር፣ ወጣት ወንድ፦ «ሥራዬን ሳላጓድል በሰዓቱ አስረክባለሁ። የደረጃ ዕድገት ሲመጣ ግን ስሜን የሚያነሣ የለም። ከእኔ ያነሰ የሚሠሩ አልፈውኛል።»

ወንድሜ፣ ይህ ጥርጣሬ የአንተ ብቻ አይደለም። ሲትሪፕ የተባለው የቻይና የጉዞ ወኪል እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በሻንጋይ የስልክ ማዕከሉ ሙከራ ጀመረ። ፈቃደኛ ከሆኑት ሠራተኞች መካከል የልደት ቀናቸው ተጋማሽ ቁጥር የሆነው ከሳምንቱ 5 የሥራ ቀናት 4ቱን ከቤት እንዲሠሩ ተደረገ፤ የቀሩት ቢሮ ቆዩ። የስታንፎርዱ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቻቸው ለ9 ወራት ተከታተሉት። ከቤት የሠሩት ውጤት በ13 በመቶ በለጠ፤ ሥራ የሚለቁት በግማሽ ቀነሱ። ነገር ግን ተመሳሳይ ውጤት ካስመዘገቡ ቢሮ ካሉ ባልደረቦቻቸው ይልቅ የደረጃ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው አነስተኛ ሆነ። አለቃ ዓይኑ ያረፈበትን ያስታውሳል።

የአንተ ድርጅት ግን አንድ ልዩነት አለው፤ ማንም ቢሮ የለም፣ አለቃህም ቤቱ ነው። ስለዚህ ዓይን የሚያርፈው ጽሑፍ ላይ ነው። ጊትላብ የተባለው ድርጅት ሠራተኞቹ በሙሉ ከየቤታቸው የሚሠሩ ሲሆን የአሠራር መመሪያውን ማንም ሰው በኢንተርኔት እንዲያነበው ክፍት አድርጎታል። የድረ ገጽ መሥሪያው የዎርድፕረስ ዶት ኮም ባለቤት የሆነው አውቶማቲክ የተባለው ድርጅትም ውይይቱ የሚካሄደው በአብዛኛው በውስጥ ድረ ገጾቹ ላይ በጽሑፍ ነው። በእንዲህ ያለ ድርጅት ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

እኛ ደግሞ ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ያደግን ነን። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም፤ ዝም ያለ ሰው ይረሳል። ፎክር አላልኩህም። በየሳምንቱ አርብ አምስት መስመር ጻፍ፦ ምን ጨረስኩ፣ ምን ያዘኝ፣ ማንን ረዳሁ፣ ምን ተማርኩ፣ ቀጥሎ ምን አለ። እኔ ይህንን ልማድ ያደረግሁት በሦስተኛው ዓመቴ ነው፤ በሁለቱ ዓመታት የሠራሁትን ዛሬ ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የለኝም። አምስቱን መስመሮች አለቃህ ብቻ ሳይሆን ቡድኑ በሙሉ የሚያየው ቦታ ላይ አስቀምጣቸው። አለቃ ይቀየራል፤ ጽሑፉ ይቆያል።

ከሐዋሳ፣ ሴት አድማጭ፦ «ለውጭ ድርጅት መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ውሌ ላይ ‹ኮንትራክተር› ይላል፤ ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን ችሎ በውል የሚሠራ ማለት ነው። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የወሊድ ፈቃድ አለኝ ወይ?»

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለዎት። ጥያቄዎ ከዛሬዎቹ ሁሉ ከባዱ ስለሆነ ጊዜ እንስጠው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረች ሴት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍትም አለ። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ደግሞ አሠሪው ከደመወዝ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። «ኮንትራክተር» የሚለው ቃል እርስዎን ከዚህ ሁሉ ውጭ ለማድረግ የተጻፈ ነው። በወር የሚከፈሎት ዶላር ዳጎስ ያለ የሚመስለውም በከፊል ይህ ሁሉ ስላልተቀነሰበት ነው።

በቃሉ ብቻ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ሰዓትዎን እነርሱ የሚወስኑ፣ ትእዛዝ የሚሰጡዎት፣ ለሌላ እንዳይሠሩ የሚከለክሉዎት ከሆነ ነገሩ ቅጥር ይመስላልና የሕግ ባለሙያ ውሉን ይይልዎት። ነገር ግን አላታልልዎትም፤ እዚህ አገር ቢሮም ንብረትም የሌለው ድርጅት ላይ ፍርድ ማግኘትና ማስፈጸም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። የተወሰኑ ሳምንታት ከክፍያ ጋር፣ ከዚያ ወደዚሁ ቦታ የመመለስ ማረጋገጫ ይበሏቸው። ብዙዎቹ ድርጅቶች ራሳቸው ባሉበት አገር ላሉ እናቶች ይሰጣሉ፤ «እኔንስ?» ማለት ልመና አይደለም። አንዳንዶቹ በየአገሩ በሕግ በተመዘገበ ሦስተኛ ድርጅት በኩል ሠራተኛ ያስቀጥራሉ፤ ያ ከተቻለ ጡረታውም ፈቃዱም አብሮ ይመጣል። እስከዚያው 18 በመቶውን ራስዎ ይቆጥቡ። ሁለት ዓመት ሳይቆጥቡ ከሆነ አይዘኑ፤ እኔ አራት ዓመት ነው ያባከንኩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ወንድ አድማጭ፦ «የምሠራው ሙሉ በሙሉ ከቤት ነው። እናቴ ስለታመመች አዲስ አበባ ሁለት ወር ተቀምጬ እዚያው ሆኜ ብሠራ፣ ለድርጅቱ ካልነገርኩ ማን ያውቃል?»

እግዚአብሔር ይማርልዎት። ያውቃሉ፤ ላፕቶፑ የገባበትን ኔትወርክ ይናገራል። «ከየትም መሥራት ይቻላል» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ በተፈቀደላቸው አገር ውስጥ ከየትም ማለታቸው ነው። ድርጅቱ የሚፈራው ግብርን፣ የመረጃ ደኅንነትንና የሥራ ፈቃድን ነው። በተለይ የመንግሥት ሥራ በኮንትራት የሚሠራ ከሆነ ላፕቶፑን ከአሜሪካ ማስወጣት ራሱ ሊያስባርር ይችላል። የአሜሪካ ዜግነት ካለዎት በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መሥራት አይቻልም፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው ቢጫ ካርድ ካለዎት ከእኛ በኩል ያለው ይቃለላል፣ የአሠሪዎ ግን አይቃለልም። እናትን ማስታመም ሊነገር የሚገባው ምክንያት ነው። ቀኑን ቆርጠው ለሰው ሀብት ክፍሉ ይጻፉ። እምቢ ካሉ ለቤተሰብ ማስታመሚያ የሚሰጠውን ፈቃድ ይጠይቁ።

ከአዳማ፣ ወንድ አድማጭ፦ «ጀርመን ያለው ባልደረባዬ በእኔው ሥራ የእኔን ብዙ እጥፍ ያገኛል። ይህ ፍትሕ ነው?»

እኔ ፍትሕ አልለውም፤ ግን የታወቀ አሠራር ነው። ጊትላብ ደመወዝን ከሚኖሩበት ቦታ ጋር ያያይዛል። ሰርቲ ሰቨን ሲግናልስ የተባለው ድርጅት ደግሞ ሰው የትም ይኑር በሳን ፍራንሲስኮ መለኪያ እንደሚከፍል ይናገራል። በፈር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሠራተኞቹን ደመወዝ ለሕዝብ ይፋ አድርጓል። ስለዚህ የድርጅትዎ የደመወዝ ቀመር ምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቀመር የሌለው ድርጅት የሚከፍለው ያልተከራከረውን ሰው አይቶ ነው።

ከደሴ፣ ወንድ አድማጭ፦ «ገንዘቡ ጥሩ ነው። ሰው ግን ናፈቀኝ።»

በዚያው በሲትሪፕ ሙከራ መጨረሻ ምርጫ ሲሰጣቸው ከቤት ሲሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ መመለስን መረጡ፤ ትልቁ ምክንያት ብቸኝነት ነበር። ምርታቸው ጨምሮ ነበር እኮ። በቪዲዮ የሚደረግ «የቡና ሰዓት» እኔን አላጽናናኝም፤ ካሜራ ፊት ቡና መጠጣት ከመስታወት ጋር ቡና እንደ መጠጣት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ሌሎች ሰዎች የሚሠሩበት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ይከራዩ። ካልተገኘ አንድ ካፌ ይምረጡና ደንበኛ ይሁኑ። አስተናጋጁ ስምዎን ይወቅ።

በመጨረሻ ወደ መስመር የገቡት እናት፣ ከገርጂ፦ «የመጀመሪያዋ ደዋይ እናት ነኝ፣ ሬዲዮ ስሰማ ድምፅዋን አወቅሁት። ለመሆኑ ያ የሚያሠራት ሰውዬ አንድ ቀን ቢጠፋስ? ደመወዟ ከማን ይጠየቃል?»

እማማ፣ የልጅዎ አለቃ ቢሆኑ ይሻል ነበር። ይህ የሚገባ ስጋት ነው፤ ቢሮ የሌለው ድርጅት ሲያሰናብት ሰው ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት ተቆልፎ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ልጅዎ ውሏንና የክፍያ ማስረጃዎቿን አትማ ቤት ታስቀምጥ፤ በድርጅቱ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ያለ ወረቀት የእሷ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ማሻሻያ ወዲህ ደመወዙን በውጭ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው በአገር ውስጥ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ሂሳብ መክፈት ተፈቅዶለታል፤ አልከፈተች ከሆነ ትክፈት፣ የሦስት ወር ወጪም እዚያ ትያዝ። ሽንኩርቱን ግን ከ10 ሰዓት በፊት ይላኳት።